የካርስት ምድር የረጅም ዘመን መዝገብና የመሐንዲሱ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ለዛሬው ጉባኤ እንዳቀርበው የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ አስተያየት ሲታይ የመሐንዲስ ጉዳይ አይመስልም። ስለ ዋሻ፣ ስለ ሌሊት ወፍ፣ በጨለማ ስለሚኖር ዓይን የለሽ ዓሣ መናገር የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ፈንታ ነው የሚል አድማጭ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የካርስት ምድር በሚባለው የመሬት ዓይነት ላይ ጉድጓድ የቆፈረ፣ ግድብ የሠራ ወይም መንገድ የቀየሰ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የእነዚህ ፍጥረታት ጎረቤት ነው። እኛ የምንቀዳው ውኃ የእነርሱ መኖሪያ ነው፤ እኛ በመዝገብ የምናሰፍረው የውኃ ከፍታ የእነርሱም የኑሮ ታሪክ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ በዚህ ምድር ላይ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰቡ ልኬቶች የማን ናቸው? በምን አኳኋንስ ቢያዙ ለአገር ይጠቅማሉ?

የካርስት ምድር ጠባይ

«ካርስት» የሚለው ስም የተገኘው በዛሬዋ ስሎቬንያና በኢጣልያ ወሰን ላይ ከሚገኝ ድንጋያማ አምባ መጠሪያ ነው። የምድሩ አፈጣጠር ለመረዳት አያስቸግርም። የዝናብ ውኃ ከአየር፣ ይልቁንም ከአፈር ውስጥ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህም ውኃ በኖራ ድንጋይ ስንጥቆች ሲያልፍ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ስንጥቁ ቧንቧ፣ ቧንቧውም ዋሻ ይሆናል። ከላይ ያለው መሬት ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ወንዙ መሬት ውስጥ ገብቶ ይሰወርና ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ታላቅ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል።

ይህ ዓይነቱ ምድር በዓለም ላይ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው በበረዶ ካልተሸፈነው የዓለም የብስ 15 ከመቶ ያህሉ የካርቦኔት አለት የሚታይበት ነው። ከዓለም ሕዝብም ከ10 ሰዎች አንዱ ገደማ የሚጠጣው ከዚህ አለት የሚወጣ ውኃ መሆኑ ይገመታል።

የካርስት ምድር ሦስት ጠባዮች መሐንዲሱን ይመለከቱታል። አንደኛው ፍጥነቱ ነው። በአሸዋ ውስጥ የሚጓዝ የከርሰ ምድር ውኃ በቀን የሚሄደው በሴንቲ ሜትር ወይም በጥቂት ሜትር ሲለካ፣ በካርስት ቧንቧ ውስጥ ያለው በአንድ ቀን ኪሎ ሜትሮችን ሊያቋርጥ ይችላል። ሁለተኛው ማጣሪያ የሌለው መሆኑ ነው። በላይ የተጣለ ቆሻሻ ሳይጣራ ከታች ካለው ምንጭ ይደርሳል። ሦስተኛው ወሰኑ የተሰወረ መሆኑ ነው። በካርታ ላይ የምናሰምረው የተፋሰስ ወሰን ከመሬት በታች ካለው እውነተኛ ወሰን ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ከአንዱ ሸለቆ የሰረገ ውኃ በተራራው ሥር አልፎ በሌላው ሸለቆ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህም የተነሣ በካርስት ምድር ላይ አንድ ቦታ ብቻ የተለካ ልኬት ያታልላል። አንድ ጉድጓድ ደረቅ ሲሆን ከእርሱ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ የተቆፈረው ውኃ ያትረፈርፋል። ለአጭር ጊዜ የተለካም እንዲሁ ያታልላል። በወር አንድ ቀን ወደ ምንጩ ሄዶ የሚለካ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጥቶ ያለፈውን ሙላት ሳያየው ይቀራል። በሁለት መልካም የዝናብ ዓመታት የተሰበሰበ ልኬትም ስለ ድርቁ ዓመት የሚነግረን ነገር የለም። እንግዲህ ይህን ምድር ለማወቅ ብዙ ቦታና ብዙ ዘመን ያስፈልጋል፤ ብዙ ቦታንና ብዙ ዘመንን ደግሞ አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሊሸፍነው አይችልም።

ግድቦች የሰጡን ትምህርት

በሙያችን ታሪክ ይህን የሚያስረዱ ምሳሌዎች ሞልተዋል። በአሜሪካ በቴኔሲ ወንዝ ላይ የሄልስ ባር ግድብ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። መሠረቱ ያረፈው ዋሻ በበዛበት የኖራ ድንጋይ ላይ በመሆኑ ሥራው ተጓትቶ የተፈጸመው በ1913 ነው። ከተፈጸመም በኋላ ውኃው ከሥሩ መውጣቱን አላቆመም። ቀዳዳውን ለመድፈን አሥርተ ዓመታት የፈጀ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በመጨረሻ ግድቡ ተትቶ በ1967 ኒካጃክ በተባለ ሌላ ግድብ ተተክቷል። በኢራቅ የሚገኘው የሞሱል ግድብ ደግሞ ከኖራ ድንጋይም ይበልጥ በሚሟሟ የጂፕስ አለት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ1980ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ የሲሚንቶ ውሑድ በግፊት ወደ መሠረቱ በማስገባት ሲጠበቅ ኖሯል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በትግራይ ለመስኖ የተሠሩትን አነስተኛ ግድቦች እናገኛለን። በመቀሌ ዙሪያ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ በስንጥቆችና በመካከሉ ሰንጥቀው በገቡ ጥቁር አለቶች የተከፋፈለ ነው። ከግድቦቹ አያሌዎቹ የታሰበላቸውን ያህል ውኃ ሊይዙ አልቻሉም፤ ውኃው በመሠረታቸው ሰረገ። ይህን የመዘገበው መሐንዲስ «ኪሳራ» ብሎ ጻፈው። ነገር ግን ከግድቦቹ በታች ባሉት አንዳንድ ሸለቆዎች ምንጮች በረቱ፤ የእጅ ጉድጓዶችም ውኃቸው ከፍ አለ፤ ዳር ዳሩም ለመለመ። በዚያ በኩል ሆኖ የለካ ሰው ቢኖር «ትርፍ» ብሎ በጻፈው ነበር። አንዱና ያው ውኃ በአንደኛው መዝገብ ወጪ፣ በሁለተኛው መዝገብ ገቢ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ መዝገቦች ተገናኝተው ካልተነበቡ በቀር የሒሳቡ እውነተኛ ድምር አይታወቅም። ስለ መረጃ መጋራት ስንናገር የምንናገረው ስለዚህ ነው እንጂ ስለ ቸርነት አይደለም።

በጨለማ ውስጥ ያለ ሕይወት

አሁን ወደ ፍጥረታቱ ልሻገር። በዋሻ ውኃ ውስጥ ብርሃን የለም፤ ብርሃን ከሌለ ተክል የለም፤ ተክል ከሌለ ምግብ ከላይ ካልመጣ በቀር አይገኝም። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ፍጥረት ኑሮው ሁሉ ዝግ ያለ ነው፤ ጥቂት ይበላል፤ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ዘግይቶ ይወልዳል፤ ብዙ ይኖራል።

ከእነዚህ ዝነኛው በአድርያቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሉ የካርስት አገሮች የሚገኘው ፕሮቴውስ የተባለው ዓይነ ስውር የውኃ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1768 በሳይንስ ስም ከተሰጠው ወዲህ ብዙ ሊቃውንት ተመራምረውበታል። ዕድሜውን ግን ያወቅነው በምርምር ብልሃት ሳይሆን በመዝገብ ትዕግሥት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ሙሊ በተባለ ስፍራ በዋሻ ውስጥ በተቋቋመ ቤተ ሙከራ እነዚህን እንስሳት ማርባት የተጀመረው በ1952 ነበር። ልደታቸውንና ሞታቸውን ሠራተኞች እየተተካኩ ሲመዘግቡ ቆዩ። በ2010 ይህ መዝገብ ተተንትኖ ሲታተም፣ እንስሳው ለመራባት የሚበቃው በ16 ዓመት ገደማ መሆኑ፣ እንቁላል የሚጥለው በአማካይ በ12 ዓመት ተኩል አንድ ጊዜ መሆኑ፣ ከፍተኛው ዕድሜውም ከ100 ዓመት ሊያልፍ እንደሚችል ታወቀ። መዝገቡን ከጀመሩት ሰዎች ፍሬውን ለማየት ሁሉም አልታደሉም።

ሌላም ልጨምር። በሄርዞጎቪና በሚገኝ አንድ የዋሻ ውኃ ውስጥ ጠላቂዎች እነዚህን እንስሳት ምልክት እያደረጉ ለ8 ዓመታት ተከታተሏቸው። በ2020 በወጣው ውጤት መሠረት ከእንስሳቱ አንዱ ለ2,569 ቀናት፣ ማለትም ከ7 ዓመት በላይ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ተገኝቷል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ቦታ የ3 ዓመት ፕሮጀክት ተይዞ ቢሆን ኖሮ የፕሮጀክቱ ሪፖርት ምን ይል ነበር? «ምንም ለውጥ አልታየም» ይል ነበር። የኛ የፕሮጀክት ዘመን ከእነዚህ ፍጥረታት አንድ ትንፋሽ ያነሰ ነው።

በኛ በኩል ባለው የአፍሪቃ ቀንድ ደግሞ በሶማሊያ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የለሽ ዓሦች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ፍሬአቲክቲስ የተባለው በ1924 ለሳይንስ ተዋወቀ። በ2011 የታተመ ጥናት የዚህ ዓሣ የውስጥ ሰዓት ከፀሐይ ፈጽሞ መለየቱን ገልጧል፤ እንደ ሌሎች ፍጥረታት በ24 ሰዓት መዞሩን ትቶ በ47 ሰዓት ገደማ የሚዞር ሲሆን፣ ለብርሃን ሳይሆን ለምግብ ሰዓት ብቻ ይታዘዛል። እንዲህ ያለው ፍጥረት የሚገኘው ሰዎችና ከብቶች ውኃ በሚቀዱበት አለት ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። የዓሣው ዕጣና የጉድጓዱ ዕጣ አንድ ነው።

ሁለት መዝገቦች ሳይገናኙ ሲቀሩ

መዝገቦች ተለያይተው መቆየታቸው የሚያስከትለውን ጉዳት ለማሳየት በደቡብ ምሥራቅ ስሎቬንያ የክሩፓን ምንጭ መጥቀስ ይበቃል። በአካባቢው የኤሌክትሪክ ኮንደንሰር የሚሠራ ፋብሪካ ከ1962 ጀምሮ ፒሲቢ የሚባለውን መርዛማ ዘይት ይጠቀም ነበር፤ ከሥራ የተረፈውም በካርስቱ ጎድጓዳ ስፍራዎች ይጣል ነበር። ጎድጓዳው ስፍራ ለተመልካች ደረቅ የቆሻሻ መጣያ መስሎ ታየ እንጂ የምንጩ አፍ መሆኑን ማንም አላሰበም። የምንጩ መበከል የታወቀው በ1983 ነው፤ ይኸውም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ መርዙ በምንጩ አካባቢ በሚኖረው በፕሮቴውስ ሥጋ ውስጥ መከማቸቱን አረጋገጠ። መጣል ካበቃ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

የፋብሪካው መሐንዲስ ምን ያህል እንደሚጣል ያውቅ ነበር። የመሬት ተመራማሪው ጎድጓዳው ስፍራ ወዴት እንደሚወስድ ሊነግረው ይችል ነበር። የሥነ ሕይወት ሊቁም የትኛው ፍጥረት አስቀድሞ እንደሚጎዳ ያውቅ ነበር። ሦስቱም በየሙያቸው ያውቁ የነበረው ነገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልዋለም።

ይህች ስሎቬንያ ከጥፋቱ ባሻገር መልካም አርአያም አላት። በፖስቶይና ከተማ የካርስት ምርምር ተቋም በ1947 ተቋቁሟል። ከዚህ ተቋም ጋር የዋሻ አጥኚዎች ማኅበራት ተባብረው ከ10 ሺህ የሚበልጡ ዋሻዎች የሰፈሩበትን የጋራ መዝገብ ይዘዋል። ከሳምንት ሥራው በኋላ በፈቃዱ ዋሻ የሚገባ ሰው የለካውን ያስረክባል፤ መሐንዲሱም መንገድ ከመቀየሱ በፊት መዝገቡን ይመለከታል።

የአገራችን ሁኔታ

እኛስ? በባሌ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የማያውቅ የለም። የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ በማለፍ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የተለካ የዋሻ መተላለፊያ ፈልፍሏል። ዋሻው የጸሎት ስፍራ ነው፤ የሌሊት ወፍ መኖሪያ ነው፤ የወንዝ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የብሪታንያ አጥኚዎች ለክተውታል፤ በ1973ም ስለ ኢትዮጵያ ዋሻዎች የሚያስረዳ ሰፊ ጽሑፍ ታትሟል። ወንዙ የሚነሣበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አሁን ግን እንጠይቅ። የወንዙን ፍሰት የሚመለከተው የውኃው መሥሪያ ቤት ነው። ደኑንና አራዊቱን የሚመለከተው የዱር እንስሳቱ መሥሪያ ቤት ነው። አለቱን የጂኦሎጂው ተቋም፣ የዕፅዋቱን ዘር የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ዝናቡን የሜትዎሮሎጂው መሥሪያ ቤት ይይዛሉ። የዋሻው ካርታ በውጭ አገር መጽሔት፣ የአገሬው ሰው ዕውቀት ደግሞ በሽማግሌዎች ቃል ይገኛል። ወንዙ አንድ ሲሆን መዝገቡ ስድስትና ሰባት ነው። በላይኛው ተፋሰስ ደኑ ቢመነጠር በዋሻው ውስጥ ያለው ሕይወት ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ለማግኘት የሰባት ቢሮዎችን በር ማንኳኳት አለበት።

በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ አካባቢ ያሉትም ዋሻዎች ሌላ ዓይነት መዝገብ አላቸው። ከዋሻ ወለል ወደ ላይ የሚያድጉት የኖራ ዓምዶች እንደ ዛፍ ቀለበት በየዓመቱ እርከን ይጨምራሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከብሪታንያ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከእነዚህ እርከኖች የጥንቱን ዝናብ ታሪክ አንብበዋል። ከአንድ አካባቢ ግድብ ለሚሠራ መሐንዲስ፣ የ30 ዓመት የዝናብ ልኬት ብቻ ይዞ ለሚጨነቅ ሰው፣ ይህ እንዴት ያለ ሀብት እንደሆነ መናገር አያሻኝም። በድሬዳዋም ከተማው የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ከከተማው ፍሳሽ የሚመጣ ናይትሬት በጉድጓዶች ውስጥ መታየቱም ከብዙ ዓመታት በፊት በጥናት ተገልጧል። እንዲህ ያለው ነገር ከዓመት ዓመት መጨመሩንና መቀነሱን የሚያሳየን ተከታታይ የሆነና ሁሉም የሚያየው መዝገብ ብቻ ነው።

በዓለም ደረጃም ቢሆን ክፍተቱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ400 በላይ የካርስት ምንጮችን ፍሰት በአንድነት የያዘ የጋራ መዝገብ ለሕዝብ ቀርቧል። ይሁን እንጂ ከምንጮቹ የሚበዙት በአውሮጳ የሚገኙ ናቸው። ከዚህ መዝገብ ተነሥተው የሚቀመሩ ቀመሮች በአውሮጳ ዝናብና በረዶ የተፈተኑ ይሆናሉ፤ እኛም በበልግና በክረምት ለምትተዳደር አገር ልንሠራባቸው እንገደዳለን። መረጃችንን ስንሸሽግ የምንጎዳው ራሳችንን ነው ማለት ነው።

መረጃ የማይሰጥበት ምክንያት

መረጃ የሚደበቀው በክፋት ብቻ ነው ብል በደል ይሆንብኛል። ምክንያቶቹ አራት ናቸው፤ እያንዳንዱም መልስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው የድካም ዋጋ ነው። በሐሩርና በዝናብ ተመላልሶ የለካ ሰው፣ ሌላው በወንበር ተቀምጦ በስሙ ሲያሳትመው ቢያዝን እውነት አለው። መልሱ መረጃውን መቆለፍ ሳይሆን፣ ለሰብሳቢው የተወሰነ የቅድሚያ ጊዜ መስጠትና ከዚያም በኋላ መረጃውን የተጠቀመ ሁሉ የሰብሳቢውን ስም እንዲጠራ ማድረግ ነው። በዚህ ስም ውስጥ በወንዝ ዳር የሚኖረው የመለኪያ አንባቢም ይግባበት።

ሁለተኛው የባዕዳን ሥጋት ነው። ብርቅ ፍጥረት ተወስዶ፣ ጥቅሙ በውጭ ቀርቶ፣ ለአገር ስም ብቻ የተረፈበት ጊዜ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ለዚህ ሕግ አለ፤ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ታውጇል፤ የናጎያ ስምምነትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይሠራል። ሕጉ የሚጠብቀው ፍጥረቱንና ዕውቀቱን ነው፤ የምንጭን ፍሰት በሣጥን ቆልፎ ማቆየት ለዚያ አይረዳም። እንዲያውም በማን እጅ ምን እንዳለ በግልጽ ያልተመዘገበ ሀብት ለመወሰድ የቀለለ ነው።

ሦስተኛው ምስጢር የሚገባው ነገር መኖሩ ነው። ይህን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። የሌሊት ወፍ የሚራባበት ዋሻ ወይም በአንድ ምንጭ ብቻ የሚገኝ ፍጥረት ትክክለኛ ስፍራው ለሁሉ ቢታወጅ፣ ጎብኚና ሰብሳቢ ሊያጠፋው ይችላል። ለዚህ የሚበጀው ቦታውን በጥቅሉ መግለጽና ዝርዝሩን በኃላፊነት ለሚጠይቅ ብቻ መስጠት ነው። መጋራት ማለት ሁሉን በአደባባይ መበተን አይደለም።

አራተኛው፣ ምናልባትም ዋነኛው፣ ኀፍረት ነው። መዝገባችን ጉድለት አለበት፤ የጎደሉ ወራት አሉ፤ የተሰበረ መለኪያ ያነበበው ቁጥር አለ። ሰው ሳይታዘበን ከመሳቢያ ይቅር እንላለን። ዳሩ ግን ጉድለቱ የተገለጸ መዝገብ ይጠቅማል፤ ጉድለቱ የተሸፈነ ንጹሕ መዝገብ ግን ያሳስታል።

አብሮ የሚነበብ መዝገብ

መረጃ ተፈልጎ የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላው ጋር የሚጣጣምና ዳግም ሥራ ላይ የሚውል እንዲሆን የሚጠይቁት መርሆች እ.ኤ.አ. በ2016 ታትመው ዛሬ በብዙ አገር ተቀባይነት አላቸው። በኛ አገር ግን ከእነዚህ መርሆች በፊት ልናስተካክላቸው የሚገቡ የራሳችን ጉዳዮች አሉ።

አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። መዝገባችን አንዳንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ያልተገለጸበት ጊዜ ብዙ ነው። በ12 ወር የተሰናዳ ሰንጠረዥ ላይ ጳጉሜን የሚገባበት ቦታ ስለሌለው፣ የዚያ ሳምንት ዝናብ ወይ ከነሐሴ ተደምሯል ወይ ጠፍቷል። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። የዝናብ መለኪያ አንባቢ «3 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የውጭ አገር ሰው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ሙላቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጥቶ በሚያልፍበት ምንጭ ላይ የ6 ሰዓት ስሕተት ምንጩ ከዝናቡ በፊት የሞላ ያስመስለዋል።

ሌላው የቦታ ነገር ነው። የቀድሞ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ ዛሬ በእጃችን የምንይዘው የሳተላይት መቀበያ በሌላ መነሻ ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 200 ሜትር ይደርሳል። በሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል፤ በካርስት ምድር ላይ ግን በዋሻ አፍና በባዶ ድንጋይ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቦታ ስምም በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ የቀድሞው አውራጃና የዛሬው ወረዳ አይገጥሙም።

ሦስተኛው ባዶና ዜሮ ናቸው። ውኃ አልነበረም ማለትና አልተለካም ማለት እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው። ምንጩ የደረቀበትን ወርና አንባቢው የታመመበትን ወር በአንድ ምልክት የጻፈ መዝገብ፣ ድርቅን ከሕመም አይለይም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በካርስት ምድር ላይ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አባል ሁሉ የቆፋሪውን የዕለት ማስታወሻ ጭምር ያስቀምጥ። «መሰርሰሪያው በድንገት ወረደ»፣ «የመቆፈሪያው ውኃ ጠፋ» የሚሉት ቃላት በመጨረሻው ሪፖርት አይገኙም፤ ለመሐንዲሱ የሥራ እንቅፋት ናቸውና። ለዋሻ አጥኚውና ለሥነ ሕይወት ሊቁ ግን ከመሬት በታች ባዶ ስፍራ መኖሩን የሚያበሥሩ ናቸው።

ሁለተኛ፣ የጉድጓድ የውኃ መጠን በሚፈተንበት ጊዜ፣ ለሰዓታትና ለቀናት ከሚፈሰው ውኃ ጥቂቱ በቀጭን ወንፊት እንዲያልፍ ይደረግ። በወንፊቱ የቀሩት ጥቃቅን ፍጥረታት በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ከጉድጓዱ ቁጥር ጋር ለዩኒቨርሲቲ ይላኩ። በሌላ አገር የከርሰ ምድር ውኃ ፍጥረታት የሚሰበሰቡበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። እኛ አስቀድመን ለከፈልነው ሥራ የሚጨመረው ዋጋ የአንድ ወንፊትና የአንድ ጠርሙስ ነው።

ሦስተኛ፣ ከማንኛውም የልኬት መዝገብ ጋር አንድ ገጽ መግለጫ ይያያዝ፤ ማን ለካ፣ በምን ለካ፣ የት ለካ፣ በየትኛው አቆጣጠርና ሰዓት ለካ፣ የት ላይ ተቋረጠ፣ ለምን ተቋረጠ የሚል። ያልታረመው የመጀመሪያ ልኬትም ከታረመው ጋር ይቀመጥ።

አራተኛ፣ በጡረታ የሚገለሉ አባላት በቤታቸው ያሉትን ማስታወሻዎች ከመበተናቸው በፊት ማኅበሩ ይረከብ፤ ገጹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመልስላቸው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ፤ ዳሩ ግን ወራሽ ያልተነገረው ጽሑፍም ከቃል አይሻልም።

አምስተኛ፣ አንድ ቦታ ተመርጦ ሥራው ይጀመር። በሁሉም ቦታ እንጀምር ብንል በየትም አንጀምርም። በበኩሌ የወይብን ተፋሰስ ከምንጩ እስከ ሶፍ ዑመር እመርጣለሁ፤ ሌላው ድሬዳዋን ወይም መቀሌን ቢመርጥ አልከራከርም። ቁም ነገሩ የፍሰቱ፣ የዝናቡ፣ የደኑና የፍጥረታቱ መዝገብ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ አቆጣጠር፣ በአንድ ካርታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝቶ እንዲታይ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ይህ ሥራ በኛ ዘመን የሚያልቅ አይደለም። በሙሊ ዋሻ መዝገቡን የጀመሩት ሰዎች የሚጽፉት ለማያውቁት አንባቢ ነበር። እኛም ዛሬ የምናስቀምጠውን የሚያነበው ገና ያልተወለደ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፤ ግድቡን የት ማኖር እንደሌለበት፣ የትኛውን ጉድጓድ መዝጋት እንዳለበት የሚወስነው በእኛ ቁጥር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ በየመሳቢያችን የከበደብንን ወረቀት ከየእጃችን አውጥተን ብንከፋፈለው ለማንም አይከብድም። በሚመጣው ጉባኤ አንዳችን እንኳ የአንድ ምንጭ መዝገብ ከነመግለጫው ይዘን ብንመጣ፣ የዛሬው ንግግሬ ዋጋውን አግኝቷል።